ብር ከመጠየቃችሁ በፊት ቁልፍ ጠይቁ

ይህ ጎንደር ላይ ለተሰበሰቡ የሰፈርና የቀበሌ የባህል ሙዚቃ ቡድኖች የተናገርኩት ነው። ስናገር የተንዛዛውን ቆርጬዋለሁ። መጨረሻ ላይ ከተጠየቅኩት ውስጥም ጥቂቱን ጨምሬያለሁ።

እንደምን ዋላችሁ! ግማሾቻችሁ ማሲንቆና ክራር ይዛችሁ እንደመጣችሁ አይቻለሁ። ንግግሩ ከረዘመባችሁ ማስቆሚያው እጃችሁ ላይ ነው ማለት ነው።

እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም። ሠርግ ቤት ከሚያጨበጭቡት ወገን ነኝ። ብዙ ዘመኔን የገፋሁት በጀት ላይ ነው፣ ቁጥርና ማኅተም ላይ። ስለዚህ ስለ ቅኝት አላወራችሁም። የማወራችሁ ስለ ገንዘቡ ነው፣ ከየት እንደሚመጣ፣ የት እንደሚቀር፣ እናንተ ጋ ለምን እንደማይደርስ።

«መንግሥት ለሙዚቃ ቡድን ገንዘብ አያወጣም» ሲባል በየሰፈሩ እሰማለሁ። ያወጣል እንጂ! ጥምቀት ሲደርስ ያወጣል። ከአዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣ ያወጣል። መንገድ ሲመረቅም ያወጣል። ሁለት ሳምንት ሲቀረው ስልክ ይደወላል፣ «ልጆች አዘጋጁ፣ ልብሳቸው አንድ ዓይነት ይሁን» ይባላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ምሳ ይበላል፣ ትንሽ የውሎ አበል ተፈርሞ ይወሰዳል፣ ከዚያ እስከሚቀጥለው ጥምቀት የሚደውል የለም። ይህ የዝግጅት ገንዘብ ነው። የሚከፈለው ዝግጅቱ እንዲያምር ነው፣ እናንተ እንድትቆሙ ብሎ የመደበው ሰው የለም። በዓሉ ሲያልፍ ማሲንቆው አልጋ ስር ይገባል፣ ልጆቹ ይበተናሉ፣ በሚቀጥለው ታኅሣሥ እንደገና ከዜሮ።

ይሄ ነገር የሚያናድደኝ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የፋሲል ግቢ ደግሞ ገና በ1979 እ.ኤ.አ. ነው የተመዘገበው። ለድንጋዩ ዘበኛ አለው፣ የመግቢያ ትኬት አለው፣ ጥገናም ይጠየቅለታል። ለሚጨፍረውና ለሚዘፍነው ሰው ግን ዘበኛም ጥገናም የለውም። የማይዳሰስ ቅርስ ማለት እኮ ሰውየው ነው። ሰውየው ልምምድ ካቆመ የሚጠገን ግንብ የለም።

ሕጉ ምን ይላል? አጭር ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት የታሪክና የባህል ቅርስን የመጠበቅ፣ ለሥነ ጥበብና ለስፖርት መስፋፋትም አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት አለበት ይላል። አንቀጽ 91 ደግሞ ሥነ ጥበብን የመደገፍ ግዴታ ያስቀምጣል፣ ግን «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚል ነገር አብሮ አለ። እኔ በጀት ላይ ስሠራ ይህችን ሐረግ በጣም እንወዳት ነበር። ለማንኛውም ጥያቄ መልስ ትሆናለች።

አቅሙን እንየው እንግዲህ። የአንድ ክፍለ ከተማ ወይም ወረዳ በጀት ሲመጣ መጀመሪያ የሚነሳለት ደመወዝ ነው። መምህሩ አለ፣ ነርሷ አለች፣ ጽሕፈት ቤቶቹ አሉ። ከደመወዝ የተረፈው ሥራ ማስኬጃ ይባላል፣ ወረቀት፣ ነዳጅ፣ አበል ማለት ነው። የባህል ጽሕፈት ቤት ከዚህ የሚደርሰው ከትምህርትና ከጤና በኋላ ከተሰለፈ ነው፣ ሰልፉም ረጅም ነው። ማዘጋጃ ቤት የራሱ ገቢ አለው፣ ከቦታ ኪራይ፣ ከሊዝ፣ ከአገልግሎት ክፍያ፤ እሱንም መንገድ፣ ጽዳትና የመንገድ መብራት ይጠብቁታል። ባለፉት ዓመታት ደግሞ በጸጥታው ምክንያት ቱሪስቱ ቀንሶ ሆቴሉም አዝማሪ ቤቱም ሲቀዘቅዝ ሁላችሁም አይታችኋል። ይሄ ሁሉ ባለበት «ለሙዚቃ ቡድናችን ይህን ያህል መቶ ሺህ ብር ይመደብልን» የሚል ደብዳቤ ይዞ መሄድ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።

ታዲያ ምን ይጠየቅ? ቁልፍ።

አትሳቁ። አንድ ቡድን ዓመቱን ሙሉ እንዲቆም የሚያስፈልገው ምንድነው? የሚለማመድበት ጣሪያ ያለው ቦታ ነው። ማሲንቆውን፣ ከበሮውን፣ ልብሱን የሚያስቀምጥበት የሚቆለፍ ክፍል ነው። መብራት ነው። ከዚያ በኋላ ነው የገንዘቡ ወሬ። አሁን በየቀበሌው ያሉትን አዳራሾች አስቡ። ስብሰባ ከሌለ ተዘግተው ይውላሉ። ወጣት ማዕከላትም አሉ፣ አንዳንዱ ከፑልና ከከረንቡላ ሌላ ድምፅ የማይሰማበት። በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ አለ፣ ስፒከርና ማይክራፎን ያለው፣ ከዓርብ ከሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት የሚነካው የሌለ። ይሄ ሁሉ የሕዝብ ንብረት ነው፣ ተገዝቶ ተከፍሎበት ያለቀ። «ማክሰኞና ሐሙስ ከ11 እስከ 1 ሰዓት አዳራሹን እንጠቀም፣ ቁልፉን የሚረከበው እገሌ ነው፣ ጽዳቱ በእኛ» የሚል ደብዳቤ ለመፍቀድ የካቢኔ ውሳኔም የምክር ቤት ድምፅም አያስፈልገውም። አንድ የቀበሌ ሥራ አስኪያጅ ደፍሮ ከፈረመ አለቀ። የበጀት ቋንቋ እንዳላበዛባችሁ ብዬ እንጂ ይሄ ራሱ በጀት ነው። የአዳራሽ ኪራይ በገበያ ዋጋ አስሉትና እዩት።

ይህ አዲስ ፈሊጥም አይደለም። የጎንደር ነገሥታት ለአድባራቱ ጉልት ይሰጡ ነበር፣ መሬት፣ ከመሬቱ የሚገኘውም አገልጋዩን ያኖራል። ዛሬ በአታ ቤተ ክርስቲያን ሄዳችሁ አቋቋም፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዝማሬና ሽብሸባ፣ የሚማረውን ተማሪ ብታዩ፣ መቋሚያው፣ ጸናጽሉ፣ ከበሮው፣ ያ ሁሉ ትምህርት እዚህ የደረሰው ቦታ ስለነበረው ነው። ጉባኤው የሚዘረጋበት ቦታ አለው፣ ተማሪው የሚያድርበት ጎጆ አለው፣ እንጀራውን ደግሞ ሰፈሩ ቁራሽ እያለ ይሰጣል። ገንዘብ በጭራሽ አላስፈለገም ማለቴ አይደለም። ግን መጀመሪያ ቦታው ነበር።

አዝማሪው ሌላ መንገድ ነበረው። እዚሁ አቅራቢያ ቡርቧክስን ታውቃላችሁ፣ የአዝማሪ አገር። መኳንንቱ ቤት የነበረው አዝማሪ ምግቡም ልብሱም ከጌታው ነው። ጌታው ሲጠፋ ጠጅ ቤቱና ሠርጉ ተረከበው፣ ግንባር ላይ በሚለጠፍ ብር። እኔ ይሄን የፋይናንስ ሥርዓት በጣም አደንቀዋለሁ፣ እውነቴን ነው። ፕሮፖዛል የለው፣ ሪፖርት የለው፣ ኦዲት የለው፣ ያስደሰተው ሰው እዚያው ይከፍላል። ጉድለቱ ግን አንድ ነው። ለምሽቱ ይከፈላል እንጂ ለትምህርቱ የሚከፍል የለም። ልጁን ማሲንቆ ያስተማረው አባቱ ነው፣ በነጻ። አባቱ ልጁን ወደ ሌላ ሙያ ሲልክስ?

ደርግ ሲመጣ ኪነት መጣ። ከቀበሌ ጀምሮ እስከ አውራጃና ክፍለ ሀገር ድረስ ቡድን ተቋቋመ። ጎንደር ፋሲለደስን፣ ጎጃም ግሽ ዓባይን፣ ወሎ ላሊበላን አወጣ። አባቶች እዚህ ስላላችሁ ታስታውሱታላችሁ። ስለዚያ ዘመን ሁለት ነገር አብሮ ይባላል፣ ሁለቱም እውነት ነው። አንደኛው፣ ቦታ፣ መሣሪያና አሠልጣኝ ነበር፣ ከየገጠሩ የወጣ ድምፅ መድረክ አገኘ፣ ዛሬም የምንዘፍነው ብዙው ዜማ በዚያ በኩል አልፏል። ሁለተኛው፣ ስለ አብዮቱ ዝፈን ተብሎ ያልዘፈነ የለም። ከፋዩ ግጥሙንም ይጽፋል ማለት ነው። ሥርዓቱ ሲወድቅ ደግሞ የቀበሌ ቡድኖቹ አብረው ተበተኑ፣ ምክንያቱም እግራቸው ሁሉ አንድ መሬት ላይ ነበር።

ወደ ሌላ አገር ትንሽ ልውሰዳችሁ፣ አልቆይም። አሜሪካ ውስጥ አዮዋ የምትባል ግዛት አለች፣ የበቆሎ አገር። በ1921 እ.ኤ.አ. አንድ ሕግ አወጡ። የአንድ ትንሽ ከተማ ነዋሪዎች ከፈለጉ ፊርማ ያሰባስባሉ፣ ጉዳዩ ለድምፅ ይቀርባል፣ ካለፈ ከንብረት ግብር ላይ ትንሽ ተነስታ ለከተማው የሙዚቃ ባንድ ትውላለች። ሕጉን የገፋበት ጆርጅ ላንደርስ የሚባል የወታደር ባንድ መሪ ነው። ሕጉ ወደ ብዙ ግዛቶች ተዛመተ። የገረመኝ ደግሞ አንድ የዚያው አገር የሰልፍ ሙዚቃ (ማርሽ) ደራሲ በሕጉ ስም ማርሽ ሠርቶለታል። የበጀት ሕግ ተዘፈነለት! በሕይወቴ የበጀት መመሪያ ሲዘፈንለት ሰምቼ አላውቅም።

እንግሊዞች በ1948 እ.ኤ.አ. ሌላ ሞከሩ። የአካባቢ ምክር ቤቶች ከንብረት ግምት በእያንዳንዱ ፓውንድ እስከ 6 ፔኒ የሚደርስ ግብር ለሙዚቃና ለመዝናኛ እንዲያውሉ ፈቀዱላቸው። ፈቀዱ እንጂ አላስገደዱም። ብዙዎቹ ምክር ቤቶች ወደዚያ ጣሪያ አልተጠጉም። የሁለቱን ልዩነት ልብ በሉ። አዮዋ ላይ ጥያቄው የተነሳው ከታች ነው፣ ፊርማ ከያዘው ሰው። እንግሊዝ ላይ ከላይ የተሰጠ ፈቃድ ነው፣ ጠያቂ ያጣ ፈቃድ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ያድራል። እኛም ጋ እንደዚያው ነው፣ «መንግሥት ኪነ ጥበብን ይደግፋል» የሚል ወረቀት ሞልቷል።

አሁን ቁልፉን አገኛችሁ እንበል። ቀጥሎ መሣሪያ ይመጣል። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ፣ ብዙ ቡድን የሚወድቅበት ቦታ ነው። መንግሥት ከበሮ ቢገዛላችሁ ከበሮው የእናንተ አይደለም። ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ይገዛል፣ ሞዴል 19 በሚባለው የመቀበያ ቅጽ ንብረት ክፍል ገቢ ይሆናል፣ ሞዴል 22 በሚባለው የማውጫ ቅጽ አንድ ሠራተኛ ፈርሞ ያወጣዋል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከበሮው በሠራተኛው ስም ነው። ቢቀደድ የሚጠየቀው እሱ ነው። ስለዚህ ምን ያደርጋል? ይቆልፍበታል! እኔም ብሆን እቆልፍበታለሁ፣ ደመወዜን አላስቆርጥም። ክራር በካርቶኑ እንዳለ ስቶር ውስጥ ዓመታት የሚቀመጠው ሰውየው ጨካኝ ስለሆነ አይደለም። ስለዚህ መሣሪያ ከመጠየቃችሁ በፊት የመረካከቢያ ውል ጠይቁ። ቡድኑ በስሙ ተረክቦ፣ ተጠያቂነቱንም ወስዶ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ቆጠራ ተደርጎ። ወይም የተሻለው፣ እንደ ድጎማ ለማኅበሩ ይሰጥና እናንተ ግዙት፣ በደረሰኝ አወራርዱ።

ለዚያ ግን ማኅበር መሆን አለባችሁ። «እኛ የፒያሳ ልጆች» የሚል ስም ባንክ አያውቀውም። የመተዳደሪያ ደንብ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የባንክ ሒሳብ በሦስት ሰው ፊርማ፣ ግብር ከፋይ መለያ ቁጥር። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። የ2011 ዓ.ም. የሲቪል ማኅበራት አዋጅ 1113 ከእሱ በፊት የነበረውን ብዙ ማነቆ ፈትቷል፣ ገቢ ማስገኛ ሥራ መሥራትንም ፈቅዷል፤ ግን አንድ ክልል ውስጥ ብቻ የሚሠራ ማኅበር በክልሉ ሕግ ነው የሚመዘገበው፣ ስለዚህ አዲስ አበባ ድረስ ለመሄድ ሻንጣ አታዘጋጁ። የማይፈልግ ቡድን ደግሞ እንደ ጥቃቅንና አነስተኛ መደራጀት ይችላል። ያኔ ንግድ ነው፣ ግብሩም አብሮ ይመጣል።

ስለ ጊዜው። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ጥምቀት ጥር 11 ነው። ጥር ላይ ለጥር ብር የሚጠይቅ ቡድን የበጀት ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው የመጣው፣ ገንዘቡ ስም ወጥቶለታል፣ የሚያገኘው ከሌላ ሥራ የተቀነጨበ ፍርፋሪ ነው። ጥር ላይ መጠየቅ ያለባችሁ ለሚመጣው ሐምሌ ነው። ጽሕፈት ቤቶች ዕቅዳቸውን የሚያዘጋጁት ከክረምት በፊት ነው፤ እዚያ ዕቅድ ውስጥ «ለማኅበረሰብ የሙዚቃ ቡድኖች ድጎማ» የሚል መስመር ካልገባ፣ ሰኔ ላይ ብታለቅሱም አይገባም። ትንሽ ትሁን ግድ የለም። መስመሯ መኖሯ ነው ቁም ነገሩ፣ የሌለ መስመር አይጨመርበትም፣ ያለ መስመር ግን በሚቀጥለው ዓመት «ባለፈው ነበረ» ተብሎ ይቀጥላል። በጀት ቤት ውስጥ ከዚህ የበለጠ ጉልበት ያለው ክርክር አላየሁም።

ለሁሉም እኩል ይካፈል እንዳትሉ ብቻ። ሰላሳ ቡድን ተሰልፎ ያችን ትንሽ ገንዘብ ሲከፋፈላት ለእያንዳንዱ የባጃጅ ትሆናለች። ማስታወቂያ በግልጽ ይውጣ፣ መስፈርቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ ከቡድኖቹ ውጭ የሆነ ሰው ይምረጥ፣ ያላገኘው ለምን እንዳላገኘ ይነገረው። የመጀመሪያውን ብር እኔ ብሆን ለአሠልጣኝ ነው የማውለው። ማሲንቆ የሚያስተምር አንድ አዛውንት በወር የሚቆጠር ነገር ቢያገኝና ሦስት ቡድን ቢያስተምር፣ ለአንድ ቀን መድረክ ከሚወጣው የድንኳንና የጀነሬተር ኪራይ የበለጠ ይቆያል። ሰው ግን ድንኳኑን ነው ፎቶ የሚያነሳው።

ወደ ጥያቄዎቹ ልለፍ።

አንዲት እህት «ጋሼ፣ ብራቸውን ከወሰድን አወድሱን ይሉናል» አለችኝ። ይላሉ፣ አልዋሽሽም። ስለ ኪነት የተናገርኩት ለዚሁ ነው። ውሉ ላይ ቡድኑ በዓመት ለምሳሌ ሁለት የሕዝብ በዓል ላይ ያለ ክፍያ ይጫወታል፣ የሚጫወተውን የሚመርጠው ቡድኑ ነው ተብሎ ይጻፍ። ያልተጻፈ ነገር በስልክ ይታዘዛል። ደግሞም ከአንድ ኪስ ብቻ አትኑሩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ከቡድኑ አባላት ወርሃዊ መዋጮ ይኑር፣ ከሠርግ ሥራ ድርሻ ለሣጥኑ ይግባ፣ እድሮች ድንኳንና ወንበር አላቸው፣ ወጣቶች ከዘፈኑላቸው በቅናሽ የማያከራዩበት ምክንያት የለም። ሣጥን ያለው ቡድን አይሆንም ማለት ይችላል።

«ቢራ ፋብሪካስ?» ያለ ልጅም ነበር፣ ሳቅ ብሎ። በ2011 የወጣው አዋጅ 1112 የአልኮል ማስታወቂያንም ስፖንሰርነትንም አጥብቦታል፣ በተለይ ወጣት የሚታደምበትን። ከእናንተ ውስጥ ግማሹ ገና ተማሪ ነው። የቢራ ፋብሪካን ብር ተስፋ አታድርጉ።

ሌላው ደግሞ እንዲህ አለ፦ «ለአዳራሽ ደብዳቤ አስገብተናል፣ ተመርቷል ተባልን፣ ከዚያ ጠፋ።» አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፣ ሁሉም ያውቀዋላ። ደብዳቤ ስታስገቡ መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን አስወጡ፣ ኮፒያችሁ ላይ አስጽፉ። ለማን እንደተመራ ጠይቁ፣ የክፍሉን ስም እንጂ «ለሚመለከተው» የሚለውን አትቀበሉ። በሳምንቱ ያንን ቁጥር ይዛችሁ አንድ ሰው ብቻ ይሂድ፣ አሥራ አምስት ሆናችሁ ብትሄዱ ስብሰባ ላይ ናቸው ትባላላችሁ። ሁለተኛ ደብዳቤ ሲያስፈልግ የፊተኛውን ቁጥር ጠቅሳችሁ ጻፉና ግልባጩን ለምክር ቤቱ አድርጉ። ግልባጭ ያለው ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ብዙ አያድርም። አዳራሹ የተፈቀደ ዕለት ደግሞ ቁልፉን ከማን ላይ እንደምትረከቡ ደብዳቤው ላይ ስሙ ይጻፍ፤ አለበለዚያ ፈቃድ ይዛችሁ በር ላይ ቆማችሁ ዘበኛ ትፈልጋላችሁ።